የባሮክ የብር ማንኪያና ሹካ፦ በሚዛን ይሸጥ ወይስ ገበታ ላይ ይዋል?

የሜሪላንዷ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

እዚህ ሜሪላንድ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። ለረጅም ጊዜ አብሬያቸው የነበርኩ አንዲት እናት አረፉ። ልጆቻቸው አንድ የእንጨት ሣጥን ሰጡኝ፤ «ለአንቺ እንዲሰጥ ተናዘው ነበር» አሉኝ። ውስጡ ቡናማ ጨርቅ የለበሰ ነው። ለስምንት ሰው የሚሆን ማንኪያ፣ ሹካና ቢላ ተደርድሮበታል። አንድ ትልቅ ጭልፋና ሁለት የሻማ ማቆሚያም አለው።

እጀታው ልሙጥ አይደለም። ቅጠል አለው፣ አበባ አለው፣ እንደ ዓምድ የቆመ ነገርም አለው። ከኋላው «ዋላስ» እና «ስተርሊንግ» ተብሎ ተመትቶበታል። ልጆቹ የንድፉ ስም ግራንድ ባሮክ ነው ብለውኛል።

ወርቅና ብር ወደሚገዛ ሱቅ ወሰድኩት። ሰውየው አንዱንም አንስቶ አላየውም። ሁሉንም ሚዛን ላይ ጣለና በግራም አስልቶ ዋጋ ነገረኝ። «ብር ጨምሯል፣ ዛሬውኑ ሽጪ» አለኝ። ገንዘቡ ያስፈልገኛል፤ አገር ቤት የምረዳቸው አሉ፤ ወንድሜንም አስተምራለሁ። ግን እጄ እምቢ አለ። ይዤው ተመለስኩ።

ይህ ነገር በእውነት ምንድን ነው? ከሚዛኑ በላይ ዋጋ አለው? ደግሞስ ባስቀረው ወጥ ይበላበታል ወይስ ቁም ሣጥን ውስጥ ሊቀመጥ ነው?

የአንጥረኛ_ልጅ

እህቴ፣ እንኳንም ይዘሽው ተመለስሽ። መጀመሪያ የያዝሽውን ልንገርሽ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ዋላስ ኮነቲከት ግዛት፣ ዋሊንግፎርድ በምትባል ከተማ የነበረ የብር ዕቃ ፋብሪካ ነው። ግራንድ ባሮክን የነደፈው ዊልያም ዋረን ሲሆን ገበያ ላይ የወጣው በ1941 ነው። ስለዚህ የሦስት መቶ ዓመት ዕቃ አይደለም። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ቤተ መንግሥቶች ያጌጡበትን የባሮክ ስልት ተከትሎ በፋብሪካ የተሠራ ነው። «የነገሥታት ዕቃ ነው» የሚልሽን አትመኚ። «ተራ ማንኪያ ነው» የሚልሽንም አትመኚ።

አንዱን ማንኪያ አንሺና ገልብጪው። ብዙ ፋብሪካ ፊቱን አስጊጦ ጀርባውን ልሙጥ ይተወዋል። ዋረን ግን ቅጠሉ በጠርዙ ዞሮ ወደ ጀርባ እንዲቀጥል አድርጎ ነው የነደፈው። ስትይዢው ጣትሽ ሥር ይሰማሻል። አባቴ መስቀል ሲሠራ ጀርባውን ሳይጨርስ ለማንም አይሰጥም ነበር። እንደዚያ ያለ ሥራ ስለማውቅ ነው ይህን ዓይነት ዕቃ የምወደው።

ስተርሊንግ ማለት ከ1000 እጅ 925ቱ ብር ነው፤ የቀረው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው። ንጹሕ ብር ብቻውን በጣም ለስላሳ ስለሆነ ለማንኪያ አይሆንም፣ ይጎብጣል።

ቢላዎቹን ግን ለይተሽ እያቸው። ስለቱ የማይዝግ ብረት ነው። እጀታው ከውስጥ ክፍት ሆኖ በሙጫ መሰል ነገር የተሞላ ነው፤ ብሩ ከላይ ያለው ስስ ቆዳ ብቻ ነው። የሻማ ማቆሚያዎቹንም ገልብጪ። ከሥራቸው «ዌይትድ» የሚል ካለ እንዳይወድቁ ውስጣቸው በሲሚንቶ ወይም በቅጥራን ተሞልቷል ማለት ነው። ሚዛን ላይ ይከብዳሉ፣ ብራቸው ግን ትንሽ ነው። ሰውየው ሁሉንም አንድ ላይ ከመዘነ ሒሳቡ ምንም ግልጽ አይደለም።

ሒሳብ_ይቅደም

እኔ ስሜት የሌለበት መልስ ልስጥሽ፤ ገንዘቡ ያስፈልገኛል ብለሻልና።

ቢላዎቹንና የሻማ ማቆሚያዎቹን አውጪ። የቀረው 1500 ግራም መዘነ እንበል። በ0.925 ስታባዢው 1387.5 ግራም ብር ይሆናል። የዓለም ገበያ ዋጋ የሚነገረው በትሮይ አውንስ ነው፤ አንዱ 31.1 ግራም ነው። ስለዚህ ወደ 44.6 አውንስ አለሽ ማለት ነው። ያንን በዕለቱ ዋጋ አባዢው። ገዢው የራሱን ትርፍና የማቅለጫውን ወጪ ስለሚቀንስ ከዚያ ያነሰ ነው የሚከፍልሽ። የሰጠሽ ዋጋ ከዚህ በጣም የራቀ ከሆነ ግን ሱቅ ቀይሪ።

የብር ዋጋ ሰማይ ወጥቶ አይቀርም። በ1980 ጃንዋሪ ላይ የቴክሳሶቹ ሀንት ወንድማማቾች ብር ሲያከማቹ አውንሱ 50 ዶላር ሊገባ ደርሶ ነበር። በማርች መጨረሻ ከ11 ዶላር በታች ወረደ። የዘገየ ሁሉ ከሰረ። ስለዚህ የምትሸጪ ከሆነ ብዙ አታመንቺ።

የአንጥረኛ_ልጅ

ሒሳቡ ትክክል ነው፤ እህታችን ይዛው ትሂድ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። በዚያው በ1979 እና በ1980 አሜሪካ ውስጥ የቤት ብር በገፍ ቀለጠ። የአያት ሣጥን ሁሉ ወደ እሳት ገባ። ማንኪያ አንዴ ከቀለጠ የሚቀረው ጥሬ ብር ነው። ንድፉን ያወጣው፣ የብረት ቅርጹን የቀረጸው፣ ጠርዙን በእጁ ያስተካከለው ሰው ሥራ ሁሉ በዜሮ ይባዛል።

ግራንድ ባሮክ ደግሞ ዛሬም ፈላጊ ያለው ንድፍ ነው። ሹካ የጎደለበት ሰው ተመሳሳዩን እየፈለገ በነጠላ ይገዛል። እንደዚህ የሚሸጡ ነጋዴዎችን ሳታነጋግሪ ለሚዛን አትስጪው። ብር በጣም ሲወደድ የሁለቱ ዋጋ ይቀራረባል፤ ያኔም ቢሆን ጠይቀሽ ነው ማወቅ የምትችይው።

ፓሪስ_ዳር

ስለ ማቅለጥ ከተነሳ እኔም የምለው አለኝ። ይህ ታሪክ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

ባሮክ ብር ማለት በአጭሩ የቀለጠ ብር ማለት ነው። ቬርሳይን የጎበኘ ሰው የመስተዋት አዳራሹን አይቶ ይወጣል። ያ አዳራሽ ግን እንደ ዛሬው ባዶ አልነበረም። ሉዊ 14ኛ በብር ዕቃ ሞልቶት ነበር። የብር ጠረጴዛ፣ የብር መቅረዝ፣ የብር አግዳሚ ወንበር፣ ብርቱካን ዛፍ የሚተከልበት የብር ገንዳ ሳይቀር። ንድፉን የሚመራው የንጉሡ ሠዓሊ ሻርል ለ ብረን ነበር። ከሠሪዎቹ አንዱ ክሎድ ባሌን ነው፤ በጊዜው አቻ ያልነበረው አንጥረኛ።

በ1689 ዲሴምበር ንጉሡ ሁሉም እንዲቀልጥ አዘዘ። የጦርነቱ ወጪ ከብዶት ነበር። ወደ 20 ቶን የሚጠጋ ብር ወደ ገንዘብ ማተሚያ ቤት ሄደ። የተገኘው ገንዘብ ዕቃው ሲሠራ ከወጣው በእጅጉ ያነሰ ነበር፤ ምክንያቱም የእጅ ዋጋው በእሳት አይመለስም። መኳንንቱም የየቤታቸውን እንዲያስገቡ ታዘዙ። በ1709 ሌላ ጦርነት፣ ሌላ ማቅለጥ። በ1759 በሉዊ 15ኛ ዘመን እንደገና። ዛሬ የዚያን ብር መልክ የምናውቀው በአብዛኛው ከሥዕል ነው። ለ ብረን በነደፋቸው የንጉሡን ሕይወት በሚያሳዩ የግድግዳ ምንጣፎች ላይ ዕቃዎቹ ተሸምነው ይታያሉ። ሥዕሉ ቆየ፣ ብሩ የለም።

እንግሊዞቹም አልተሻሉም። በ1640ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነታቸው የቤትና የኮሌጅ ብር ለወታደር ደመወዝ ቀለጠ። ስለዚህ የጥንቱን የእንግሊዝ ብር ማየት ከፈለጋችሁ ከዓለም ሁሉ ጥሩ ቦታዎች አንዱ ሞስኮ ነው። ክሬምሊን ውስጥ ባለው የጦር ዕቃ ሙዚየም የእንግሊዝ አምባሳደሮች ለዛሮቹ ያመጡት የብር ስጦታ አለ። ለንደን ቢቆይ ኖሮ ወደ እሳት የሚገባው፣ ስጦታ ሆኖ ስለተላከ ተረፈ።

እህቴ፣ ያቺ እናት ለአንቺ መስጠታቸውን ሳነብ ይህ ነው የታወሰኝ።

እጃችን_ይበቃል

ሁላችሁንም አከብራለሁ። ግን እኛ በእጃችን ቆርሰን በጋራ የምንበላ ሕዝብ ነን። የስምንት ሰው ሹካና ቢላ ለምን ይጠቅመናል? ብትሸጠውና ለወንድሟ የትምህርት ቤት ክፍያ ብትልክ አይሻልም? ማንኪያ ሲያብረቀርቅ ማየት ለእኔ የፈረንጅ ጉዳይ ነው።

ፓሪስ_ዳር

ወንድሜ፣ የትምህርቱ ነገር ልክ ነህ፣ ያ የእሷ ውሳኔ ነው። ስለ እጁ ግን አውሮፓም እንደኛው ነበረች። ሹካ ከጣሊያን ተነስቶ ወደ ሰሜን የሄደው በጣም ቀስ ብሎ ነው። ሉዊ 14ኛ ራሱ ሹካ እያለለት በጣቱ መብላት እንደሚመርጥ ነው የሚነገረው። ለዚህ ነው ከባሮክ ዘመን የገበታ ብር ትልቁ ክብር የማንኪያ ሳይሆን የማንቆርቆሪያና የሳህኑ የነበረው። አሽከሩ ከኋላ መጥቶ በጽጌረዳ ውሃ ያስታጥባል። አገር ቤት እንግዳ ሳይነሳ ኩስኩስት ይዞ እንደሚያስታጥበው ልጅ ማለት ነው። አምስተርዳም ብትሄድ፣ ራይክስሙዚየም ውስጥ አዳም ፋን ፊያነን በ1614 የሠራው ማንቆርቆሪያ አለ። ከአንድ ቁራጭ ብር ቀጥቅጦ ያወጣው ነው። ብሩ የሚፈስ ይመስላል፤ የቱ ጋ እጀታ ሆነ፣ የቱ ጋ ሆዱ አለቀ ብለህ መለየት ያቅትሃል።

ሹካ በደንብ ሲለመድ ማንቆርቆሪያው ከገበታ ወደ መደርደሪያ ወጣ። በየሰዉ ኪስ ይዞር የነበረው ማንኪያና ቢላም በአንድ ንድፍ በደርዘን እየሆነ መሠራት የጀመረው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። የእህታችን ሣጥን አባት እዚያ ነው ያለው።

እጃችን_ይበቃል

ማስታጠቢያው በብር መሆኑን አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ። በሐሳቤ ግን እንዳለሁ ነኝ፣ ትምህርት ቤቱ ይቀድማል።

ከሳክሶኒ

ጀርመን ድሬስደን አጠገብ ነው የምኖረው። የዚህ ጉዳይ እምብርት እኮ ፓሪስም ለንደንም ሳይሆን አውግስቡርግ ናት። በባሮክ ዘመን የአውሮፓ መሳፍንት የገበታ ብር ሲያሻቸው ትእዛዙ ወደዚያ ነበር የሚሄደው። ከተማዋ በየዕቃው ላይ የጥድ ፍሬ ቅርጽ ትመታ ነበር፤ ያ ምልክቷ ነው። በርሊን ውስጥ በኮፐኒክ ቤተ መንግሥት አንድ ሙሉ የብር መደርደሪያ አለ፤ አውግስቡርግ ውስጥ የቢለር ቤተሰብ በ1690ዎቹ የሠራው። ትልልቅ ሳህን፣ ማንቆርቆሪያ፣ የወይን ማቀዝቀዣ እርስ በርሱ ተደራርቦ እስከ ላይ ይወጣል። የተሠራው ሊበላበት አይደለም። እንግዳው ገና ሳይቀመጥ የቤቱን ባለቤት አቅም እንዲያይ ነው። ሲቸግር ደግሞ ይቀልጣል። ከላይ ፓሪስ_ዳር የነገረን ሁሉ ከዚህ የተነሳ ነው፤ ብሩ ጌጥም ካዝናም ነበር።

ድሬስደን አረንጓዴው ግምጃ ቤት ውስጥ ደግሞ የአንጥረኛው ዮሐን ሜልኺዮር ዲንግሊንገር የወርቅ የቡና ዕቃ ተቀምጧል። በ1701 የተጠናቀቀ ነው። ወርቅ፣ ብር፣ የዝሆን ጥርስ፣ አልማዝና ቀለም ቅብ አንድ ላይ ሆኖ እንደ ቤተ መቅደስ ወደ ላይ ተነስቷል። ሲኒዎቹ ከዳር እስከ ዳር ተደርድረዋል። ፊቱ ቆሜ ብዙ ቆየሁ። ቡና ያኔ በየመን፣ በሞካ ወደብ በኩል ነበር ወደ እነሱ የሚደርሰው፤ ብርቅ ስለነበር እንዲህ ያለ ዙፋን ሠሩለት። ለኛ የየቀኑ ነገር መሆኑን አስቤ ደስ አለኝ።

አንድ ሌላ ነገር። አገር ቤት የምናውቀው ጠገራ ብር፣ ማርትሬዛ፣ ከሥሩ ኤስ እና ኤፍ ፊደላት አሉበት። ከጉንዝቡርግ ማተሚያ ቤት የመጡ ናቸው። ጉንዝቡርግ የአውግስቡርግ ጎረቤት ናት። ጠገራው ከ1000 እጅ 833 ያህል ብር ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአውግስቡርግ ብር ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ደግሞ 812 ተኩል አካባቢ ነበር። ስለዚህ ከጠገራ ቀልጦ የተሠራው የአያቶቻችን መስቀልና የአውግስቡርግ ሾርባ ሳህን በብር ጥራት ብዙም አይራራቁም።

የአንጥረኛ_ልጅ

ከሳክሶኒ፣ ይህን ስላነሳህ አመሰግናለሁ። አባቴ ያቀልጠው የነበረው ጠገራ ነው። ከ1780 ጽሑፉ ጋር እሳት ውስጥ ሲገባ ልጅ ሆኜ አይ ነበር። ጠገራው መስቀል ለመሆን ነበር የሚቀልጠው። እንዲያ ሲሆን አይቆጨኝም።

ሸገር_ጥግ

በጣም ደስ የሚል ውይይት ነው። ጥያቄ አለኝ። ለሠርግ ዕቃ አከራያለሁ። ከዱባይ የማመጣቸው ትሪና የሻማ ማቆሚያዎች «ባሮክ» ተብለው ነው የሚሸጡት። ጠርዛቸው ሁሉ አበባና ጥምዝምዝ ነው። እነሱስ ብር ናቸው?

ሚላኖ_ነኝ

እህት ሸገር_ጥግ፣ በዚያ ዋጋ የሚመጣው አብዛኛው በብር የተለበጠ ወይም ብር የሚመስል ሌላ ብረት ነው። ለኪራይ ጥሩ ነው፣ ውበትም አለው። «ብር ነው» ብለሽ እንዳታከራዪ ብቻ።

የምታዪው ምልክቱን ነው። ጣሊያን ውስጥ 800 ወይም 925 የሚል ቁጥር ይመታል። ከጎኑ የሠሪው ቁጥርና የአውራጃው ፊደል አለ፤ ለምሳሌ ከፓዶቫ ከሆነ ፒ እና ዲ። ጀርመን ከ1888 ወዲህ ግማሽ ጨረቃና ዘውድ ከቁጥር ጋር። ፈረንሳይ ከ1838 ጀምሮ የሮማውያን አምላክ የሚኔርቫ ጭንቅላት። እንግሊዝ የሚራመድ አንበሳ። አሜሪካ «ስተርሊንግ» የሚለው ቃል ራሱ። «ኢ ፒ ኤን ኤስ» የሚሉ አራት ፊደላት ካየሽ ደግሞ ኒኬል ባለበት ብረት ላይ በኤሌክትሪክ የተለበጠ ብር ነው። ይህ ዘዴ በ1840 እንግሊዝ ውስጥ በኤልኪንግተን ስም ፈቃድ ከወጣ በኋላ ነው መካከለኛው መደብም የሚያብረቀርቅ ገበታ የኖረው።

ምልክትም ያታልላል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀርመን ሀናው ከተማ ውስጥ የጥንት ቅርጽ ያለው ብር በብዛት ይሠራ ነበር፤ የጥንቱን የአውግስቡርግ ወይም የፓሪስ ምልክት የሚመስል ምት እያረፈበት። ብሩ እውነተኛ ነው፣ ዕድሜው ግን አይደለም።

ደግሞ ገበያ ላይ ባሮክ የሚባለው ግማሹ ሮኮኮ ነው። ቀላል መለያ አለው። መሐሉ ላይ መስመር አስምሪበት። ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ፣ ከባድ ከሆነ፣ ቅጠሉ ወፍራም ከሆነ ወደ ባሮክ ያደላል። ዛጎልና ጥምዝምዝ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ከ1730ዎቹ የተነሳው የሮኮኮ ስልት ነው። የለንደኑ አንጥረኛ ፖል ደ ላመሪ ሁለቱንም ሠርቷል። ወላጆቹ በ1680ዎቹ ፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶችን ስታሳድድ የተሰደዱ ናቸው። ያ ስደት ለንደንን በምርጥ አንጥረኛ ሞላት።

የሜሪላንዷ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እያነበብኩ ሣጥኑን ከፍቼ ቁጭ አልኩ። የሻማ ማቆሚያዎቹ ሥር እውነትም «ዌይትድ» የሚል አለ። ሰውየው እነሱንም አብሮ ነው የመዘነው።

ጽዳቱን ንገሩኝ። ቅጠሉ ሥር ሁሉ ጠቁሯል። ጓደኛዬ ፎይልና ቤኪንግ ሶዳ በፈላ ውሃ አድርጊበት፣ በአንዴ ነጭ ይሆናል አለችኝ።

የአንጥረኛ_ልጅ

እባክሽ አታድርጊው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ብዙ ሰው ውድ ዕቃውን የሚያበላሸው በዚህ ነው።

ብር የሚጠቁረው በዝገት አይደለም። አየር ውስጥ፣ እንቁላል ውስጥ፣ ሽንኩርት ውስጥ ያለው ድኝ ከብሩ ጋር ሲዋሃድ ጥቁር ሽፋን ይፈጥራል። ፎይሉና ሶዳው ያንን ድኝ ከብሩ ላይ ነጥቆ ወደ አሉሚኒየሙ ያዛውረዋል። ኬሚስትሪው ትክክል ነው፣ ይሠራል። ችግሩ ከሁሉም ቦታ እኩል መንጠቁ ነው።

የባሮክ ጌጥ ደግሞ የሚኖረው በጥላ ነው። ማንኪያሽን መስኮት አጠገብ ያዢው። የቅጠሉ ጀርባ ያበራል፣ ከሥሩ ያለው ስርጉድ ጠቁሯል፤ በሁለቱ መካከል ነው ቅጠሉ ቅጠል የሚሆነው። ፋብሪካውም ይህን ስለሚያውቅ ስርጉዱን ሆን ብሎ ያጠቁረው ነበር። ከዚያ ላይ የዓመታት እጅ ጨመረበት። ያንን ጥቁረት ካጠብሽው እጀታው በሙሉ አንድ ዓይነት ነጭ ይሆናል። ብሩ አለ፣ ቅርጹ አለ፣ ሕይወቱ ግን ይጠፋል። ያንን ጥላ መልሶ ማምጣት የባለሙያ ሥራ ነው፣ ያስከፍላል።

ቢላዎቹ ላይማ ጭራሽ አይሆንም። የፈላ ውሃ ውስጡ ያለውን ሙጫ ያሟሟዋል፣ ስለቱ ይላቀቃል። በዕቃ ማጠቢያ ማሽን ማጠብም ያው ነው።

የሚሻለው ይኸውልሽ። ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በእጅሽ እጠቢ። ወዲያው በጥጥ ጨርቅ አድርቂ፤ ውሃው በራሱ እንዲደርቅ አትተዪው። ከጠቆረብሽ ለብር የተዘጋጀ ቅባት ግዢና ከፍ ከፍ ያለውን ቦታ ብቻ በጣትሽ እሺው። ስርጉዱን ተዪው። የጥርስ ሳሙና አይሆንም፣ ይቧጭራል። አመድና ሎሚም አይሆንም። ለማስቀመጥ ላስቲክ አትጠቅልይበት፣ ጋዜጣም ሱፍም አታስጠጊው፤ ድኝ አለባቸው። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ቡናማ ጨርቅ ምናልባት ብርን ከመጥቆር ለመጠበቅ የተሠራው ዓይነት ነው። እንዳትቀይሪው።

ከሁሉ የሚሻለው መጠቀም ነው። በየጊዜው የሚበላበትና የሚታጠብ ብር ቶሎ አይጠቁርም።

ከሳክሶኒ

ስለ ቅጠሉ አንድ ነገር ልበል? አካንተስ ይባላል። ከግሪክ ዓምዶች ጀምሮ እስከ ባሮክ ብር ድረስ የአውሮፓ ጌጥ ሁሉ የሚሽከረከርበት ቅጠል ነው። የዚሁ ተክል ዘመድ እኛ ጋ ደጋው ላይ በየአጥሩ ይበቅላል፤ ኮሸሽላ የምንለው ነው። ጠርዙ የተቆራረጠና እሾሃማ፣ አበባው ቀይ። እህታችን ማንኪያውን አገላብጣ ስታየው ታውቀዋለች።

የሜሪላንዷ

ኮሸሽላ! የእናቴ ቤት አጥር እኮ እሱ ነው።

ወጡስ? ዶሮ ወጥ ቢቀርብበት ይበላሻል?

የአንጥረኛ_ልጅ

አይበላሽም። ጭልፋው ለዶሮ ወጥ የተሠራ ይመስል ልክ ነው። ሽንኩርቱም እንቁላሉም ድኝ ስላላቸው ግን ወጡ ውስጥ ተነክሮ አይደር። ማዕዱ ሲነሳ ይታጠብ። ይበልጥ የምትፈሪው ጨውን ነው። ጨው ብር ላይ ከቆየ ይበሳሳዋል፤ ያ ደግሞ በመወልወል አይወጣም። የጥንቶቹ የብር ጨው ማቅረቢያዎች ውስጣቸው በወርቅ የሚለበጠው ለዚህ ነው። አዋዜ ወይም ሎሚ ያለበት ሰላጣ ላይ ማንኪያውን ትተሽ አትሂጂ።

ሒሳብ_ይቅደም

ከሚዛን ሌላ የሚገዛም አለ ከተባለ እኔም ሐሳቤን አሻሽላለሁ። የሻማ ማቆሚያዎቹን ሽጪ፤ በብር ሚዛን ሳይሆን በዕቃነታቸው፣ የቆየ ዕቃ ለሚገዛ ሰው። የገበታውን ስብስብ ግን አትበትኚ። ስምንት ሙሉ ሆኖ ሲሸጥና ስድስት ተኩል ሆኖ ሲሸጥ ዋጋው አንድ አይደለም።

እጃችን_ይበቃል

በዚህ እስማማለሁ። ከማቆሚያዎቹ የሚገኘው ለወንድሟ ይድረስ።

የሜሪላንዷ

እንደዚያ ነው የማደርገው። ማቆሚያዎቹ ይሸጣሉ። ሣጥኑ ይቀራል። በፋሲካ እናቴ ጋ ልሄድ ነው፤ ጭልፋውንና አራት ማንኪያ ይዤ ልሂድ ብዬ አስቤያለሁ። ቢላ አልወስድም። የአንዱ ሹካ ጥርስ ትንሽ ጎብጧል፣ እሱንም በፒንሳ ላስተካክለው?

የአንጥረኛ_ልጅ

በፒንሳ አትንኪው። ብረቱ ብሩን ይበላዋል፣ ጥርሱም በጎበጠበት ቦታ ሊሰነጠቅ ይችላል። ብር ሠሪ ዘንድ ይዘሽ ሂጂ፤ በእንጨት መዶሻ ቀስ ብሎ ይመልሰዋል። አዲስ አበባ ካመጣሽው እኔም ላይልሽ እችላለሁ። ማንኪያዎቹን እያንዳንዳቸውን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ለየብቻ ጠቅልያቸው፣ እርስ በርስ እንዳይፋጩ። ጭልፋውን በልብስ መሐል አድርጊው፤ አንገቱ ቀጭን ስለሆነ ከባድ ነገር ከላዩ እንዳይጫን።